ሮበርት የርክስ፡ የምልምል ወታደሮችን አእምሮ ለመመዘን የተነሱት ምሁር

የአንድ ሠራዊት ጥንካሬ በመሣሪያው ብዛት ብቻ የሚለካ እንዳልሆነ ይታወቃል። መሣሪያውን የሚይዘው ወታደር ትእዛዝን ተረድቶ የሚፈጽም፣ አዲስ ሙያ ቶሎ የሚቀስምና የገባበትን የአገልግሎት ዘመን በጽናት የሚያጠናቅቅ መሆን ይኖርበታል። ለውትድርና ከሚቀርቡት ወጣቶች መካከል እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ መለየት ይቻላል ወይ? ወጣቱ በትምህርት ቤት ያሳለፋቸው ዓመታትስ በጦር ሰፈር ለሚያስመዘግበው ውጤት ምን ያህል ድርሻ አላቸው? እነዚህ ጥያቄዎች በሰፊው በተግባር የተፈተሹት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በዩናይትድ ስቴትስ ነበር። የሥራው ግንባር ቀደም መሪም የሥነ ልቦና ሊቁ ሮበርት ሚርንስ የርክስ ነበሩ።

የርክስ የመሩት ቡድን ከ1 ነጥብ 7 ሚሊዮን በላይ ወታደሮችን በጽሑፍና በሥዕል ፈተና መዝኗል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚህ ስፋት የተካሄደ የአእምሮ ችሎታ ምዘና በዓለም ላይ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከፈተናው የተገኘው አኃዝ የተተረጎመበት መንገድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚጎዳ ሆኖ ተገኝቷል። የምሁሩ የሕይወት ታሪክም ከዚህ ስኬትና ስህተት ጋር የተሳሰረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእርሻ መንደር እስከ ሃርቫርድ

ሮበርት የርክስ ሜይ 26 ቀን 1876 በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ብሬዲስቪል በተባለች የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስካርሌት ፊቨር በተባለ የትኩሳት በሽታ ተይዘው በብርቱ የታመሙ ሲሆን፣ ታናሽ እህታቸው በዚሁ በሽታ ሕይወቷ አልፏል። ያስታመማቸው ሐኪም በአእምሯቸው ከፍ ያለ ስፍራ ያዘ። እሳቸውም ሐኪም የመሆን ምኞት አደረባቸው።

የእርሻው ሥራ ያልሳባቸው ወጣቱ የርክስ ኮሌጅ ለመግባት የቤተሰባቸው አቅም አልበቃም። መንገዱን የከፈተላቸው አጎታቸው ነበሩ። የርክስ በአጎታቸው ቤት የተለያዩ ሥራዎችን እየሠሩ፣ አጎታቸው ደግሞ የትምህርት ወጪያቸውን እየሸፈኑላቸው በኡርሳይነስ ኮሌጅ ተምረው በ1897 ተመረቁ። ከዚያም በብድር ባገኙት ገንዘብ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። በ1902 በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለው በዚያው ማስተማር ጀመሩ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርምራቸው በእንስሳት ባህርይ ላይ ያተኮረ ነበር። በ1908 ከጆን ዶድሰን ጋር በመሆን ጫናና የመማር ፍጥነት ያላቸውን ግንኙነት የሚመለከት ጥናት ያሳተሙ ሲሆን፣ ግኝቱ በሁለቱ ስም ተሰይሞ በሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሲጠቀስ ኖሯል። ቆይተው ትኩረታቸውን ወደ ሰው ልጅ አእምሮ አዞሩ። በቦስተን በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሲሠሩ ቆይተውም በ1915 ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ የአእምሮ ችሎታ መመዘኛ አዘጋጁ።

በዚያን ዘመን የዚህ ዓይነቱ ምዘና ገና ጀማሪ ነበር። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 የመጀመሪያውን ፈተና ያዘጋጁት በትምህርታቸው ወደኋላ የቀሩ ሕፃናትን ለይቶ ልዩ እገዛ ለመስጠት ነበር። ፈተናው ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ትርጉሙ ተለወጠ። ቁጥሩ ሰው ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚወጣውና የማይለወጠው ችሎታ መለኪያ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ ምሁራን ዘንድ ሰረጸ። የርክስም ይህንኑ እምነት ከያዙት አንዱ ነበሩ። የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻል ይቻላል የሚለውን ዩጄኒክስ የተባለ አስተሳሰብም ይደግፉ ነበር።

ጦርነቱና ሁለቱ ፈተናዎች

ዩናይትድ ስቴትስ ኤፕሪል 6 ቀን 1917 በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ በአገልግሎት ላይ የነበረው የምድር ጦር ሠራዊቷ ከ200 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ቁጥሩ ወደ 4 ሚሊዮን ደርሷል። በግዳጅ ምልመላ ከእርሻ፣ ከፋብሪካና ከከተማ መንደሮች የተሰበሰቡትን ወጣቶች በጥቂት ወራት ውስጥ እግረኛ፣ መድፈኛ፣ መካኒክ፣ ጸሐፊና መኮንን አድርጎ መደልደል ከባድ ሥራ ነበር።

በወቅቱ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት የርክስ አጋጣሚውን አላሳለፉትም። ጦርነቱ በታወጀበት ዕለት በሃርቫርድ ተሰብስበው ከነበሩ የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሙያው ለአገር መከላከያ ስለሚያበረክተው አገልግሎት መከሩ። ብዙም ሳይቆይ በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ቫይንላንድ በተባለ ስፍራ በሚገኝ ተቋም አንድ ኮሚቴ ሰብስበው ፈተናዎቹን ማዘጋጀት ጀመሩ። ሄንሪ ጎዳርድና ሉዊስ ተርማንን የመሳሰሉ የዘርፉ ታዋቂ ሰዎች የኮሚቴው አባላት ነበሩ። የርክስም የሻለቅነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የሠራዊቱ አባል ሆኑ።

ኮሚቴው ያዘጋጃቸው ፈተናዎች ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው አርሚ አልፋ የተሰኘው ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ የታሰበ ነበር። 8 ክፍሎች የነበሩት ይህ ፈተና ሒሳብን፣ የቃላት ተቃራኒን፣ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችንና ጠቅላላ ዕውቀትን ይጠይቃል። ሁለተኛው አርሚ ቤታ ማንበብ ለማይችሉና እንግሊዝኛ ለማያውቁ የተዘጋጀ ነበር። ፈታኞቹ በምልክትና በእንቅስቃሴ ያስረዳሉ፤ ተፈታኞቹም በሥዕል ላይ የጎደለውን እንዲያሟሉ፣ የተደራረቡ ኩቦችን እንዲቆጥሩ፣ በተጠላለፈ መንገድ ላይ መውጫ እንዲፈልጉ ይጠየቃሉ።

በ1917 መገባደጃ በአራት የጦር ሰፈሮች የተሞከረው ሥራ በተከታዩ ዓመት ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተስፋፋ። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በፎርት ኦግልቶርፕ ለፈታኞች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልምሎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈተኑ ነበር። ውጤታቸውም ከኤ እስከ ኢ ባሉ ፊደላት ይመዘገባል። ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ለመኮንንነት ሥልጠና ይታጫሉ። መካከለኛ ላይ ያሉት ተራ ወታደርና የበታች ሹም ይሆናሉ። በዝቅተኛው እርከን ላይ ከነበሩት መካከል ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት ከሠራዊቱ እንዲሰናበቱ፣ ወደ 10 ሺህ የሚሆኑት ደግሞ ወደ ጉልበት ሥራ ክፍሎች እንዲመደቡ ፈታኞቹ ሐሳብ አቅርበዋል።

በአዳራሹ ውስጥ የነበረው እውነታ

ፈተናው በወረቀት ላይ እንደታሰበው አልሄደም። የመጀመሪያው አስደንጋጭ ነገር ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ብዛት ነበር። ከተፈታኞቹ መካከል ሩብ ያህሉ ጋዜጣ ለማንበብ ወይም ለቤተሰብ ደብዳቤ ለመጻፍ የማይችሉ ሆነው ተገኙ። ለቤታ ፈተና የሚሰለፉት ከተጠበቀው በላይ በመሆናቸው በርካታ ሰፈሮች ማንበብ የሚችለውን የሚለዩበትን መስፈርት ዝቅ አደረጉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ምልምሎች ሊያነቡት በማይችሉት ወረቀት ፊት ተቀመጡ።

በአልፋ የወደቀ በቤታ፣ በቤታ የወደቀም በግል እንዲፈተን መመሪያው ያዝዝ ነበር። በጥድፊያና በሰው ኃይል እጥረት ምክንያት ይህ ብዙ ጊዜ አልተፈጸመም፤ በተለይም ጥቁር ምልምሎች ዳግም የመፈተን ዕድል በእጅጉ ተነፍጓቸዋል።

የጥያቄዎቹ ይዘትም ሌላ ችግር ነበር። የአልፋ ጠቅላላ ዕውቀት ክፍል ስለ አሜሪካ የንግድ ምልክቶችና የስፖርት ሰዎች ይጠይቃል። የቤታ ሥዕሎችም ቢሆኑ መረብ የጎደለውን የቴኒስ ሜዳና ቀንዱ የጎደለውን የሸክላ ማጫወቻ ያካትቱ ነበር። ከጣሊያን ወይም ከፖላንድ ገጠር በቅርቡ የመጣ ወጣት፣ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች በጥጥ እርሻ ላይ ያደገ ጥቁር ምልምል እነዚህን ነገሮች ከየት ሊያውቃቸው ይችላል? አንዳንዶቹ እርሳስ በእጃቸው ሲይዙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ዎልተር ዲል ስኮት በተለየ መንገድ ይሠሩ ነበር። የስኮት ኮሚቴ እያንዳንዱን ምልምል ምን ያህል እንደተማረ፣ ምን ዓይነት ሙያ እንዳለውና ከዚህ ቀደም ምን እንደሠራ እየጠየቀ በካርድ ላይ ይመዘግባል። መካኒክ የሚፈልግ ክፍል መካኒክ፣ ሾፌር የሚፈልግም ሾፌር እንዲያገኝ ይደረጋል። የጦር አዛዦቹ ይህን አሠራር ጠቃሚ ሆኖ አገኙት። ስኮትም ከጦርነቱ በኋላ በ1919 የላቀ አገልግሎት ሜዳይ ተሸለሙ። የየርክስን ፈተና ግን ብዙ አዛዦች በጥርጣሬ ተመለከቱት። ጥሩ ወታደር የሚያደርጉትን ድፍረት፣ ታማኝነትና ጽናት በአንድ ሰዓት ፈተና ማወቅ አይቻልም የሚል አቋም ነበራቸው። የፈተናው ፕሮግራምም በ1919 መጀመሪያ ላይ ተቋረጠ።

አኃዙና ትርጓሜው

የርክስ በ1921 ከ800 ገጽ በላይ የሆነውን ሪፖርታቸውን በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አማካይነት አሳተሙ። በሪፖርቱ መሠረት የነጭ ምልምሎች አማካይ የአእምሮ ዕድሜ 13 ዓመት ገደማ ነበር። ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በመጨረሻ ተቀመጡ። የርክስና ባልደረቦቻቸው ይህን ልዩነት በዋናነት የተፈጥሮ ልዩነት አድርገው ተረጎሙት።

ሆኖም ሌላ ነገር የሚያመለክቱ መረጃዎች በዚያው ሪፖርት ውስጥ ተመዝግበው ነበር። አንደኛ፣ የፈተና ውጤቱና ምልምሉ በትምህርት ቤት ያሳለፋቸው ዓመታት በቅርበት የተቆራኙ ነበሩ። ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከመጡት ጥቁር ምልምሎች ግማሽ ያህሉ ከ3ኛ ክፍል አላለፉም። ሁለተኛ፣ ስደተኞቹ በአሜሪካ የቆዩባቸው ዓመታት በጨመሩ ቁጥር ውጤታቸውም ከፍ ይል ነበር። አምስት ዓመት ያልሞላቸው ከ11 ዓመት ብዙም ያልበለጠ አማካይ የአእምሮ ዕድሜ ሲያስመዘግቡ፣ ከ20 ዓመት በላይ የቆዩት ወደ 14 ተጠግተዋል። ሦስተኛ፣ የተሻሉ ትምህርት ቤቶች ከነበሩባቸው ከኦሃዮ፣ ከኢሊኖይና ከኒው ዮርክ የመጡ ጥቁር ምልምሎች ከሚሲሲፒ፣ ከአርካንሳስና ከኬንታኪ ከመጡ ነጮች የበለጠ አማካይ ውጤት አግኝተዋል።

የርክስ የትምህርቱን ቁርኝት አልካዱም። ነገር ግን ምክንያቱንና ውጤቱን አገለባብጠው አዩት። በእሳቸው አመለካከት ሰዎቹ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ባለመማራቸው ሳይሆን፣ ትምህርት ያቋረጡት የተፈጥሮ ችሎታቸው ዝቅተኛ ስለነበረ ነው። በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ያልተሠራላቸው፣ ቢሠራም በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ይከፈትላቸው የነበሩ ልጆች ጉዳይ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አላገኘም። ራሳቸው የርክስ በአጎታቸው ድጋፍ ባይማሩ ኖሮ የት ይገኙ እንደነበር ማሰብ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ በሆነ ነበር።

ስህተቱ በወረቀት ላይ አልቀረም። ካርል ብሪገም የሠራዊቱን አኃዝ ተንተርሰው በ1923 ያሳተሙት መጽሐፍ የየርክስን መቅድም ይዞ ወጣ። በተከታዩ ዓመት የወጣውና ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡ ስደተኞችን በእጅጉ የገደበው የኢሚግሬሽን ሕግ ደጋፊዎች አኃዙን ለመከራከሪያነት ተጠቅመውበታል።

ተቃውሞውም ወዲያው ነበር የተነሳው። ጋዜጠኛው ዎልተር ሊፕማን በ1922 ባወጧቸው ተከታታይ ጽሑፎች የአማካይ አዋቂ ሰው አእምሮ ከአማካይ አዋቂ ሰው አእምሮ ያንሳል ማለት ትርጉም እንደሌለው አስረዱ። ጥቁር አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሆራስ ማን ቦንድ በ1924 የየክፍለ ግዛቱን ውጤት ከትምህርት ቤቶች ሁኔታ ጋር በማነጻጸር ፈተናው የሚለካው የትምህርት ዕድልን መሆኑን አመለከቱ። ብሪገም ራሳቸው በ1930 መደምደሚያቸው መሠረት የሌለው መሆኑን በይፋ አምነው ወደኋላ ተመለሱ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰጠው መልስ

የርክስ ከ1924 ጀምሮ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ ቆይተው በ1930 በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ኦሬንጅ ፓርክ የቺምፓንዚ ምርምር ጣቢያ ከፈቱ። ከባለቤታቸው ከአዳ የርክስ ጋር በ1929 ያሳተሙት ስለ ታላላቅ ዝንጀሮዎች የሚናገር መጽሐፍ በዘርፉ ፈር ቀዳጅ ሆኖ ይጠቀሳል። እስከ 1941 ድረስም ጣቢያውን መርተዋል።

በዚህ መካከል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቀሰቀሰ። የአሜሪካ ሠራዊት በዚህ ጊዜ አዲስ የምደባ ፈተና የተጠቀመ ሲሆን፣ ካለፈው ስህተት በመማር ፈተናው የተፈጥሮ ችሎታን ይለካል የሚል ስያሜ አልሰጠውም። ማንበብና መጻፍ የማይችሉትንም ከማሰናበት ይልቅ ማስተማርን መረጠ። ከ1943 እስከ 1945 ከ300 ሺህ በላይ ምልምሎች ወደ ልዩ ማሠልጠኛ ክፍሎች ገቡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 4ኛ ክፍል የሚደርስ የንባብና የሒሳብ ትምህርት ተሰጥቷቸው ከ10 ሰዎች ስምንቱ ያህል በስኬት አጠናቀው ወደ መደበኛው ሥልጠና ተሸጋገሩ። ኢላይ ጊንዝበርግና ዳግላስ ብሬይ በ1953 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ወታደሮች የአገልግሎት መዝገብ መርምረው አብዛኞቹ ተቀባይነት ያለው አገልግሎት መስጠታቸውን አረጋግጠዋል።

ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ የወጣው በ1948 ነበር። ሪድ ተደንሃም የተባሉ ተመራማሪ የአልፋን ፈተና ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ሰጥተው ውጤቱን ከቀድሞው ጋር አነጻጸሩ። በመካከለኛ ደረጃ ላይ የሚገኘው አዲሱ ወታደር ከአንደኛው ጦርነት ወታደሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን በልጦ ተገኘ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ ሊለወጥ አይችልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተለወጡት ዐበይት ነገሮች አንዱ የትምህርት ዘመን ነበር፤ የመካከለኛው ወታደር ትምህርት ከ8 ዓመት ገደማ ወደ 10 ዓመት ከፍ ብሎ ነበር።

ከየርክስ በኋላ

ሮበርት የርክስ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1956 በኒው ሄቨን ከተማ በ79 ዓመታቸው አረፉ። የጀመሩት የምዘና ሥራ ግን በተሻሻለ መልኩ ቀጠለ። የአሜሪካ የጦር ክፍሎች ከ1950 ጀምሮ የጋራ የመግቢያ ፈተና ሲጠቀሙ፣ በ1980ዎቹ በጋራ ያካሄዱት ጥናትም በፈተናው የተሻለ ውጤት ያላቸው ምልምሎች የወታደራዊ ሙያ ተግባራትን በአማካይ በተሻለ ብቃት እንደሚያከናውኑ አሳይቷል። በዚህ ረገድ የርክስ ምዘና ለምደባ ይጠቅማል ማለታቸው ትክክል ነበር።

በአገልግሎት መጽናት ግን ሌላ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። በተከታታይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ ምልምሎች 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የመጀመሪያውን የሦስት ዓመት አገልግሎት ሲፈጽሙ፣ ካቋረጡት መካከል እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ትምህርት አቋርጠው በኋላ በተመጣጣኝ ፈተና ምስክር ወረቀት ያገኙት ወጣቶች ዕውቀታቸው ከተመራቂዎቹ ባያንስም፣ ከአገልግሎት የሚሰናበቱበት መጠን ከአቋራጮቹ ጋር የተቀራረበ ነው። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ ትምህርት ቤት ከዕውቀት ባሻገር በሰዓት መገኘትን፣ ሥርዓት ማክበርንና የጀመሩትን መፈጸምን ያስለምዳል የሚል ነው። ጦር ሰፈርም የሚጠይቀው ይህንኑ ልማድ ነው።

ይህ የአብዛኛው ሰው አዝማሚያ እንጂ በእያንዳንዱ ወጣት ላይ የሚሰጥ ፍርድ አይደለም። ካቋረጡት መካከል ግማሽ ያህሉ አገልግሎታቸውን በሚገባ መፈጸማቸው መዘንጋት የለበትም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልዩ ማሠልጠኛዎችም ዕድል ያላገኘ ሰው ዕድሉ ሲሰጠው ጉድለቱን በአጭር ጊዜ ሊሞላ እንደሚችል አሳይተዋል። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2022 በደቡብ ካሮላይና በፎርት ጃክሰን የከፈተው የመሰናዶ ኮርስ በዚሁ መንገድ የተቃኘ ነው። በመግቢያ ፈተናው ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ወጣቶች እስከ 90 ቀናት ትምህርት ወስደው እንደገና እንዲፈተኑ ተደርጓል።

በዚያው ዓመት በአትላንታ የሚገኘው ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ የየርክስን ስም ይዞ ለዓመታት የቆየውን የምርምር ማዕከል ስያሜ ለውጧል። ምክንያቱም ምሁሩ ለዩጄኒክስ የሰጡት ድጋፍ ነበር። ይሁንና በ1918 በየጦር ሰፈሩ የሰበሰቡት መረጃ ዛሬም በተመራማሪዎች ይጠናል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ስማቸው ያልተጠቀሰ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ዝቅተኛ ፊደል ተሰጥቷቸው ይገኛሉ። ፊደሉ የሚናገረው ስለ ተፈጥሯቸው ሳይሆን፣ በሕፃንነታቸው ስላልተከፈተላቸው ትምህርት ቤት መሆኑን ለመረዳት ግን ሠራዊቱም ሆነ ሳይንሱ አንድ ትውልድ ያህል ጊዜ ወስዶባቸዋል።